ሸክሙ ከግራ እጅ ይውረድ

ስለ ባህል ሙዚቃችን በየስብሰባ አዳራሹና በየመጽሔቱ ገጽ ብዙ ይባላል። ስለ ቅኝቶቹ ምንጭ ይጻፋል፤ ስለ ግጥሙ ቅኔያዊነት ይተነተናል፤ ዘመናዊ መሣሪያ ይግባ አይግባ እየተባለ ጉሮሮ እስኪደርቅ ክርክር ይገጠማል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጉዳይ እስከ ዛሬ ጠያቂ አላገኘም። ይኸውም ክራሩን የሚደረድረው፣ ማሲንቆውን የሚመታው ሰው መሣሪያውን በምን ላይ አሳርፎ፣ በየትኛው እጁ ደግፎ፣ በምን ዓይነት መቀመጫ ላይ ሆኖ ነው የሚጫወተው የሚለው ነው። ጥያቄው ሲነሣ ፈገግ የሚሉ አሉ። «ይህማ የአናጢ ጉዳይ ነው፤ የኪነ ጥበብ ሰው የሚጨነቀው ስለ መንፈሱ እንጂ ስለ በርጩማው አይደለም» ይላሉ። ይህ አባባል ከላይ ሲያዩት የከበደ ይመስላል፤ ገልጠው ሲያዩት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ሙዚቃ በመንፈስ ብቻ ቢወጣ ኖሮ እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ ጭራውም ባላስፈለገ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። መሣሪያውን የሚሸከም እጅ መሣሪያውን ሊጫወት አይችልም። ዛሬ በብዙ መድረክ ላይ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾቻችን ግራ እጅ ተሸካሚ ሆኗል። ያደረገው ድህነት አይደለም፤ የመሣሪያዎቹ ጉድለትም አይደለም። ያደረገው ለዓይን ሲባል ጆሮን የሚሠዋ የመድረክ አሠራር ነው።

በመጀመሪያ ማሲንቆን እንመልከት። ከአራት ሳንቃ የተጋጠመ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ማዕዘኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሾሉ ሣጥን አለው። ሣጥኑን ሰንጥቆ ወደ ላይ የሚዘልቀው እንጨት አንገቱ ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ትልቅ መቃኛ ይሰካል፤ ከመቃኛው እስከ ሣጥኑ ግርጌ አንድ ዘለላ የፈረስ ጭራ ይወጠራል። ደጋኑም እንዲሁ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ጭራው ከአንገቱ እንጨት ርቆ በአየር ላይ የተወጠረ መሆኑን ነው። የቫዮሊን ተጫዋች ጣቱን ሲያሳርፍ ክሩን ከእንጨት ጋር ያጣብቀዋል፤ እንጨቱ ጣቱን ይቀበልለታል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን ጭራውን ይነካል እንጂ ከኋላው የሚቀበለው እንጨት አያገኝም። ድምፁን የሚወስነው ጣቱ ያረፈበት ሥፍራና ያረፈበት ክብደት ብቻ ነው። እንግዲህ ሣጥኑ በሁለቱ ጭኖች መካከል ካልረጋ፣ አንገቱም በግራ ትከሻ በኩል ማረፊያ ካላገኘ፣ መሣሪያው በጎተተ ቁጥር እጁ አብሮ ይጎተታል። አውራ ጣት አንገቱን ለመያዝ ይጨብጣል፤ አውራ ጣት ሲጨብጥ ደግሞ የቀሩት አራት ጣቶች ይደነድናሉ። በደነደነ ጣት የሚነካ ጭራ ትክክለኛውን ድምፅ ቢሰጥ እንኳ ያን የማሲንቆ መንቀጥቀጥ፣ ያን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚያለቅሰውን ጠባይ አይሰጥም። አድማጩ የጎደለውን ነገር ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ መጉደሉን ግን ያውቃል።

የክራር ነገር ከዚህ ይለያል። ክራር በሁለት መንገድ ይነገራል፤ አንዱ በጣት እየለቀሙ መደርደር፣ ሌላው በመምቻ መግረፍ ነው። በግርፉ አጨዋወት ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከአውታሮቹ ጀርባ ሆነው መሰማት የሌለባቸውን ያፍናሉ፤ መሰማት ያለበትን ይለቃሉ። ማለትም በግርፍ ውስጥ ዜማውን የሚሠራው የሚመታው እጅ ሳይሆን ዝም የሚያሰኘው እጅ ነው። ዝም ማሰኘት ከማናገር የበለጠ ቅልጥፍና ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የዘገየ ጣት የሚያስከትለው ዝምታን ሳይሆን ያልተጠራ እንግዳ ድምፅን ነው። አሁን ይህ እጅ፣ አምስትና ስድስት አውታር በቅጽበት የሚያፍንና የሚለቅ እጅ፣ የክራሩንም ክብደት እንዲይዝ ቢታዘዝ ምን ይሆናል? አንጓው ምሰሶውን ይገፋል፤ ጣቶቹ በከፊል ድጋፍ፣ በከፊል አፋኝ ይሆናሉ፤ ሁለቱንም በግማሽ ይሠራሉ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠው ተመልካች ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «የክራሩ ቅኝት ወረደ» ይለዋል። የወረደው ግን የደርዳሪው ትከሻ ነው።

«ክራር ስንት ይመዝንና ነው?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ቀላል ነው። የቡና ስኒም ቀላል ነው። ክንድን ዘርግቶ አንዲት ስኒ ለግማሽ ሰዓት ይዞ መቆም ግን ጎበዙንም ያንቀጠቅጣል። ነገሩ የክብደት ጉዳይ ሳይሆን ክብደቱን ማን ይሸከመው የሚለው ጉዳይ ነው። ውኃ የምትቀዳ ሴት እንስራውን በጀርባዋ የምታዝለው፣ በገመድም የምታስረው፣ እጅዋ ከጀርባዋ ደካማ መሆኑን ከማንም ምሁር ቀድማ ስላወቀች ነው።

አባቶቻችንም አውቀውታል። በአሮጌ የብራና መጻሕፍትና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ንጉሥ ዳዊት በገና ሲደረድር የሣሉትን ሠዓሊዎች ሥራ ይመልከቱ። ዳዊት ተቀምጧል። ንጉሥ ስለሆነ ብቻ አይደለም የተቀመጠው፤ በገና የሚደረደረው ተቀምጦ ስለሆነ ነው። አሥር አውታር ያለው ያ ግዙፍ መሣሪያ መሬት ወይም ጭን ካልተሸከመው በቀር የሰው ክንድ ሊያዝዘው አይችልም። በገና ራሱን በግዙፍነቱ አስከበረ። ማንም የመድረክ አዘጋጅ በገና ደርዳሪን «ቁሙና እየተወዛወዙ ይደርድሩ» ለማለት አይደፍርም። ክራርና ማሲንቆ ግን ትንንሾች በመሆናቸው ተደፈሩ። ትንሽ የሆነ ነገር ሁሉ በየትም በኩል ቢይዙት የማይከፋው ይመስለናል።

ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽ ሲከፈት፣ ከእልፍኝ፣ ከዳስና ከጠጅ ቤት የወጣው ማሲንቆና ክራር ከፍ ካለ የሳንቃ መድረክ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ግብጽ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ከዚያም ተስፋዬ ለማ ሲመራው፣ ለየብቻቸው ይደመጡ የነበሩ የየአካባቢው መሣሪያዎች ባንድ ላይ ተሰባሰቡ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ዋጋውን የሚያኮስስ ካለ ወይ አልሰማቸውም ወይ ቅናት ይዞታል። ዳሩ ግን እልፍኝ ውስጥ ያልነበረ አንድ ጥያቄ አብሮ መጣ። እልፍኝ ውስጥ አድማጩና ተጫዋቹ ጉልበት ለጉልበት ይቀማመጡ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ሰው ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይቻል ነበር፤ ተጫዋቹን ከነመቀመጫው ከፍ ማድረግ፣ ወይም ተጫዋቹን ማቆም። ሁለተኛው ቀለለ። ሳንቃ አያስወጣም፤ አናጢ አይጠራበትም።

በዚህ ላይ ማይክሮፎኑ ተጨመረ። አዝማሪ በአንድ ጊዜ ይመታልም ያዜማልም። አንድ ማይክሮፎን ብቻ ባለበት መድረክ ማይክሮፎኑ ለአፉ ይቆማል፤ ማሲንቆው ደግሞ ድምፁ እንዲሰማ ወደ አፉ መጠጋት አለበት። ሣጥኑ ከጭን ተነሥቶ ወደ ደረት የወጣው በብዙ ቦታ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። አንድ ተጨማሪ ማይክሮፎን የሚያስወግደው ችግር የአያያዝ ባህል ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ማይክሮፎኑ በሽ በሽ በሆነበት አዳራሽ እንኳ ወጣቶቹ ሣጥኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ሲይዙ ይታያል፤ «እንዲህ ነው የሚያዘው» ብለው ስለሚያምኑ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው መድረክ በተካሄደ ልምምድ ላይ ተገኝቶ ነበር። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ የማሲንቆ ሰው በርጩማ ጠየቁ። አዘጋጁ ወጣት ነው፤ ንቀት የለበትም፤ አክብሮ ነው የመለሰላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቁጭ ካሉ እኮ ረድፉ ይሰበራል» አላቸው። ሽማግሌውም ዙሪያውን አይተው «ልጄ፣ እኔስ ልቁም፤ ማሲንቆው ምን ላይ ይቀመጥ?» አሉት። ሁሉም ሣቀ። ቀጭን የናይለን ገመድ ተፈልጎ መጣና ሣጥኑ በትከሻቸው ላይ ተንጠለጠለ። የመጀመሪያውን ዜማ እንደነገሩ ተወጡት። በሁለተኛው ላይ ገመዱ አንገታቸውን ሲከረክራቸው በግራ ክንዳቸው ሣጥኑን ወደ ጎናቸው ማቀፍ ጀመሩ፤ ወዲያውም ጌጡ ሁሉ ከጨዋታቸው እየረገፈ ሄደ። በየሐረጉ ጫፍ ላይ ያክሏት የነበረችው ትንሽ መንቀጥቀጥ የለችም፤ ከታች ወደ ላይ መንሸራተት የለም፤ ደረቅ ዜማ ብቻ ቀረ። ከልምምዱ በኋላ አንድ ሰው «እሳቸውም አረጁ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አላረጁም ነበር። በእረፍቱ ሰዓት በመድረኩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ለራሳቸው ሲመቱ ያች ጌጥ ሙሉ በሙሉ ተመልሳ ነበርና።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ እንሂድ፤ ምክንያት አላቸውና መስማት ይገባል።

አንደኛው ወገን «አዝማሪ ድሮም ቆሞ ይመታ ነበር» ይላል። ትክክል ነው። «ዘመረ» ከሚለው ግሥ ስሙን ያገኘው አዝማሪ በሠርግ ዳስ ውስጥ ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየተዘዋወረ፣ በእያንዳንዱ ፊት እያጎነበሰ፣ እየተቀኘ፣ እየሸለለ ይመታል። ነገር ግን ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። አንጋፋው አዝማሪ ሲቆም ማሲንቆውን በጠፍር አንግቶ ነው፤ ጠፍሩም እንደ ናይለን ገመድ የቀጠነ አይደለም፤ ከጋቢው ሥር በትከሻው ላይ ተዘርግቶ የሚተኛ ነው። ከዚህም በላይ ሲቆም በፈቃዱ፣ ሲቀመጥም በፈቃዱ ነው። ከአንዱ እንግዳ ዘንድ ቆሞ አንድ ሁለት ስንኝ ይጥላል፤ ሽልማቱን ይቀበላል፤ ይዞራል፤ ይተነፍሳል፤ ረጅሙን እንጉርጉሮ ማዜም ሲፈልግ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የቆመ አዝማሪ የሚራመድ አዝማሪ ነው። የመድረኩ ሰው ግን ወለሉ ላይ በኖራ በተሠመረለት ምልክት ላይ አርባ ደቂቃ ተተክሎ ይቆማል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት መንገደኛንና ዘብ ጠባቂን አንድ ናቸው እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ባህልን ከመከራ ጋር ያያይዛል። «አባቶቻችን በድንጋይ ላይ፣ በመደብ ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ፤ ምቾት የሰለጠነው ዓለም ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ ወገን መደብ ምን እንደሆነ ረስቷል። መደብ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ አይነቃነቅም፤ በጉልበት ልክ የተሠራ ነው፤ እግርን መሬት ላይ ያስረግጣል። ለማሲንቆ ተጫዋች ከመደብ የተሻለ መቀመጫ ከገበያ ከሚገዛው የፕላስቲክ ወንበር መካከል አይገኝም። አባቶች ምቾትን ናቁ የሚለው ተረት ነው፤ አባቶች ምቾቱን በጭቃ ለስነው ሠርተውት ነበር።

የሰለጠነውን ዓለም ቅንጦት ካነሣን ደግሞ ነገሩን በትክክል እናንሣው። ቫዮሊን በአውሮፓ ዘመናትን ያስቆጠረው አገጭ ማስደገፊያ ሳይኖረው ነው። ጀርመናዊው የቫዮሊን ሊቅ ሉዊ ሽፖር እ.ኤ.አ. በ1820 ግድም አንዲት ትንሽ የእንጨት ማስደገፊያ በመሣሪያው ላይ ቢያኖር መሣሪያው በአገጭና በትከሻ መካከል ረጋ፤ ግራ እጅ ከመያዝ ሥራ ነጻ ወጣ፤ በአንገቱ ላይ እንደልቡ ወደ ላይና ወደ ታች መሮጥ ቻለ። ቼሎም እንደዚሁ ነው። የቼሎ ተጫዋቾች መሣሪያውን በሁለት ባታቸው መካከል አጣብቀው በጡንቻ ኃይል ይይዙት ነበር፤ ልክ እንደ ማሲንቆ ማለት ነው። ቤልጂጋዊው ሴርቬ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሥሩ መሬት የሚነካ እግር ተክሎ የመጫወትን ልማድ አስፋፋ፤ እግሩ ክብደቱን ለመሬት ሰጠው። በእነዚህ ሁለት ትንንሽ እንጨቶች የተነሣ ቫዮሊን ቫዮሊንነቱን፣ ቼሎም ቼሎነቱን አላጣም። ያጣው ነገር ቢኖር የተጫዋቹ እንግልት ነው።

በዚህ የቼሎ ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ሌላ ቁም ነገር አለ። በዚያው ዘመን ለሴት ልጅ ቼሎን በእግሮችዋ መካከል መያዝ ነውር ነው ይባል ስለነበር ሴቶቹ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ወደ አንድ ጎን አዙረው፣ ወገባቸውን ጠምዝዘው ይጫወቱ ነበር። እኛ ዘንድ ማሲንቆ የወንድ መሣሪያ ሆኖ የኖረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ አዝማሪነቱ ከአባት ወደ ልጅ በወንድ በኩል መተላለፉ አለበት። ሆኖም አንዲት ልጃገረድ ማሲንቆ ልማር ብላ ስትመጣ በመጀመሪያ የምትሰማው ቃል «አቀማመጡ ለሴት ልጅ አያምርም» የሚል ነው። ክራርን ግን ማንም አልከለከላትም፤ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራርን ይዘው ስማቸውን በታሪክ አጽፈዋል። አስናቀች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እስካረፈች ድረስ በክራሯም በትወናዋም የምትታወቅ ታላቅ የመድረክ ሰው ነበረች። ማሲንቆውን ከልጃገረዷ የነጠቀው አያያዙ ከሆነ፣ መልሱ ልጅቱን መመለስ አይደለም። ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ዝቅ ያለ በርጩማና ሣጥኑን በግራ ጭን ላይ የሚያሳርፍ ጠፍር ይበቃል። ሦስቱም ከገበያ ይገኛሉ።

ሦስተኛው ወገን አዲሱ ትውልድ ነው፤ ከእርሱ ጋር ያለን ክርክር የዘመድ ክርክር ነው። የኤሌክትሪክ ክራር ይዞ ቆሞ ይጫወታል፤ የጊታር ማንገቻ ያደርጋል፤ የናይለኑን አውታር በብረት ይለውጣል። በዚህ አንቆጣም። ጅማት ወደ ናይለን ሲለወጥም የተቆጡ ነበሩ፤ ክራሩ ግን አልሞተም። የምንለው ሌላ ነው። የጊታር ማንገቻ የተሠራው ለጊታር ነው። ጊታር ረጅም አንገቱ ወደ ግራ ስለሚዘረጋ በሁለት ጫፎቹ ሲንጠለጠል በደረት ላይ ይተኛል። ክራር ግን ክብደቱ ከታች በገበቴው በኩል ሆኖ፣ ሁለት ምሰሶዎቹ ወደ ላይ ቆመው፣ ቀንበሩ ከበላይ ተጋድሞ የሚኖር ፍጥረት ነው። እንደ ጊታር ሲያንጠለጥሉት ቀንበሩ ወደ ፊት ይደፋል፤ ላለመደፋቱ ኃላፊው ማን ይሆናል? ያው ግራ እጅ። ለክራር የሚሆን ማንገቻ ከግራ ምሰሶ ላይኛ ጫፍና ከገበቴው ግርጌ የሚነሣ፣ በጀርባ ተሻግሮ በቀኝ ትከሻ የሚያርፍ መሆን አለበት፤ ገበቴውም በወገብና በሆድ መካከል መደገፊያ ማግኘት አለበት። ከክራር ቤተሰብ መካከል በናይል ሸለቆ የሚኖሩት የኑቢያ መሣሪያዎች የግራ አንጓን የሚደግፍ ጠፍር ከጥንት አላቸው። ፈጠራውን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ ጎረቤት እናገኘዋለን። በኤሌክትሪክ ክራር ላይ ይህን የሚያህል ሐሳብ ያዋለ ሠሪ ቢኖር ኖሮ፣ ወጣቶቹ አፍኖ የመልቀቁን ጥበብ ትተው አውታሮቹን አንድ በአንድ ወደ መንቀል ብቻ ባላዘነበሉ ነበር። ግርፉ እየሳሳ የመጣው ጣዕሙ ስለጠላቸው ሳይሆን እጃቸው ስለታሰረ ነው የሚል እምነት አለን።

ለመምህራን ደግሞ የተለየ ቃል አለን። በየማስተማሪያ ክፍሉ ያለው ወንበር በቀኝ በኩል የመጻፊያ ክንድ የተገጠመለት ነው። ይህ ወንበር ለእርሳስ ይጥቀም እንጂ ለደጋን ጠላት ነው። የማሲንቆ ተማሪ ደጋኑን ወደ ቀኝ ሲስብ ክርኑ ከሳንቃው ጋር ይጋጫል፤ እንዳይጋጭ ሲል ሰውነቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ያዘነበለውን ሰውነት ደግሞ በመሣሪያው ይደግፈዋል። መሣሪያው ተማሪውን ሳይሆን ተማሪው መሣሪያውን ተደግፎ ይማራል ማለት ነው። በሦስተኛው ወር መምህሩ «ደጋንህ አጭር ነው፤ ሳብ አድርገው» እያለ ይጮኻል። ወንበሩን ቢለውጥለት ኖሮ ጩኸቱ አያስፈልገውም ነበር። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትምህርት ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። መልካም ነው። ከቅኝቱ በፊት ግን ተማሪው መሣሪያውን አሳርፎ፣ ሁለት እጁን ጨርሶ አንሥቶ፣ መሣሪያው ሳይወድቅ እስከ አሥር መቁጠር ይልመድ። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፤ ሐሰትም አይናገርም። ሁለቱ እጆች ሲነሡ የሚወድቅ ማሲንቆ ገና አልተያዘም።

ግራኝ ልጆችንም በዚሁ እናስታውስ። ክራሩን ወደ ቀኝ ጎኑ አዙሮ ለመያዝ የሞከረ ልጅ እጁን የሚመታ መምህር ዛሬም ከጠፋ ደስ ባለን ነበር። አውታሩ ይገለበጥለት፤ አለቀ።

ጨርሰን ከመውጣታችን በፊት ወደ ራሳችን ደጅ፣ ወደ ቴአትሩ ብቅ እንበል። በታሪካዊ ተውኔት ውስጥ አዝማሪ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ማሲንቆውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ሲገባ፣ ደጋኑንም ከመቃኛው አጠገብ ሲፈተፍት ስንት ጊዜ አይተናል? ከመጋረጃው በስተጀርባ እውነተኛው ማሲንቆ ይመታል፤ ከፊት ያለው የሐሰት እጅ ሌላ ነገር ይሠራል። ተመልካቹ ነገሩን ያውቃል። በተለይ ከገጠር የመጣው ተመልካች ያውቃል፤ አቤት ሣቁ! ንጉሡን በአደባባይ የሚወቅሰው አዝማሪ፣ ደራሲው የክፍለ ዘመኑን እውነት ያስቀመጠበት ገጸ ባሕርይ፣ በአንድ የተሳሳተ ክርን መሳቂያ ይሆናል። ፖስተር የሚሠሩ ሠዓሊዎችም ከዚህ አይሻሉም፤ ክራርን እንደ አበባ እቅፍ አድርጋ የቆመች ቆንጆ ይሥላሉ፤ ጣቶችዋ ግን ከአውታሮቹ ፊት ናቸው፤ ከጀርባ ሆኖ የሚያፍን ጣት የላትም። የብራናው ሠዓሊ ዳዊትን ሲሥል ከዚህ የበለጠ ይጠነቀቅ ነበር።

እንግዲህ ለመድረክ ኃላፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ በጀት የሚያናጋ አይደለም። ከመድረኩ ኋላ የሁለት ደረጃ ከፍታ ያለው ሳንቃ ይሠራ፤ ተቀማጩ ተጫዋች ከቆመው ተወዛዋዥ በላይ እንዲታይ። ለሚያዜም ማሲንቆ ተጫዋች ሁለት ማይክሮፎን ይሰጠው፤ አንዱ ለአፉ፣ አንዱ ለሣጥኑ፣ የሣጥኑ በጉልበት ልክ ዝቅ ብሎ ይተከል። ትርኢቱ የግድ መቆምን የሚጠይቅ ከሆነ፣ አንድ ዜማ በቁም፣ ሁለት ዜማ በቁጭታ ይደልደል፤ ጠፍሩም ቢያንስ ሦስት ጣት ይስፋ። የባህል ልብስ የሚሰፉት ባለሙያዎችም በትከሻው ላይ ለጠፍሩ የሚሆን ማለፊያ ያብጁ፤ ጥልፉ እንዳይበላሽ ሲባል ጠፍሩ እየተወገደ ነውና።

መቀመጫውን በተመለከተ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም። ወለሉ የተጎበጎበ መድረክ ብዙ ነው፤ አራት እግር ያለው ወንበር በእንዲህ ያለው ሳንቃ ላይ ይንገዳገዳል፤ ወንበሩ ሲንገዳገድም ማሲንቆው ይንገዳገዳል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማው በርጩማ ግን ሦስት እግር ነው። በየትኛውም ወለል ላይ ሦስቱም ይረግጣሉ። መቀመጫው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ተጫዋቹ አያንሸራትተውም፤ ከፍታውም ጭንን ከወለሉ ጋር ትይዩ ያደርጋል። ለረጅም ሰው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ለአጭር ሰው ትንሽ ዝቅ ያለ ማዘዝ ይቻላል። ለአንድ የባህል ቡድን ስድስት ይበቃዋል።